ዘጠኝ ዓመት አረንጓዴ

ሀሴት ደጀኔ የአዲስ መልካ ከተማ ውሃ አገልግሎት የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ነበረች። በክፍሉ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሠራተኛ አልነበረም። በሃያ ስምንት ዓመቷ ስትቀጠር ሠላሳ ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ በ2064 ዓ.ም.፣ ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላት፣ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። የተባረረ ሰው የለም። አንዱ ጡረታ ወጣ፣ አንዷ ዝውውር ጠየቀች፣ አንዱ ታሞ በዚያው ቀረ፤ በለቀቁት ቦታ ግን ሰው አልተተካም። ሥራቸውን አስተካካዩ ይሠራው ነበር።

አስተካካዩ የሁለት ሚሊዮን ሰው ውሃ የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። ፓምፕ ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ ነዋሪው ለጻፈው አቤቱታ መልስ ይሰጣል፣ ራሱንም ያሻሽላል። የአራተኛው ፎቅ ትልቁ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የእሱ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ አራት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ እያንዳንዱ መብራት በከተማው መሬት ውስጥ የተቀበረ አንድ የግፊት መለኪያን ይወክላል። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር እንዲሁ ሆነው ቆይተዋል።

ሕጉ ሰሌዳውን ሰው እንዲያየው ያዝዛል። ስለዚህ ሀሴት በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰሌዳው ፊት ትቀመጣለች። ጣሪያው ሥር ያለች ትንሽ ካሜራ የሀሴት ዓይኖች ሰሌዳው ላይ ማረፋቸውን እያረጋገጠች አራት ደቂቃ ትቆጥራለች። አራቱ ደቂቃ ሲሞላ ሀሴት ድምፅ አውጥታ «አይቻለሁ» ትላለች፤ የዕለቱ ሥራም ጸደቀ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መብራቶቹን በረድፍ በረድፍ እየተከተለች ታያቸው ነበር። በኋላ ዓይኗን ሳትነቅል ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ለመደች፤ ስለ ምሳዋ፣ ስለሚያማት ጥርሷ። ካሜራዋ ይህን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ከዚያ በኋላ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የሚጠብቃት ሥራ የለም። በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ይመጣል። ሀሴት እንደ ኃላፊ ሠራተኛዋን ትገመግማለች፤ ከዚያ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ትቀመጥና እንደ ሠራተኛ በግምገማው መስማማቷን ትጽፋለች። ወንበር ለውጪ ያላት የለም። ነገር ግን አንድ ቀን እዚያው እንደተቀመጠች ሁለቱንም ሞልታ ስትጨርስ ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ስለከበዳት፣ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ትነሣለች።

ከድሮው ልማድ ያልተወችው አንድ ነገር የዓርብ ስብሰባ ነው። የቀጠረቻት አለቃዋ ወይዘሮ አርሴማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰብስባ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ ነበር። «በዚህ ሳምንት ያላየነው ነገር ምንድነው?» ምንም የለም የሚል መልስ አትቀበልም። ሰዉ አንድ ነገር እስኪያወጣ ድረስ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ዝምታው ሃያ ደቂቃ የፈጀበት ቀን ነበር። ሀሴት ብቻዋን ከቀረች በኋላም በዚያው ሰዓት ትቀመጥና አንድ የማሻሻያ ሐሳብ ለአስተካካዩ ታቀርባለች። እስካሁን ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሐሳብ አቅርባለች። ሁሉም ዓይን ከመጨፈን ባነሰ ጊዜ ተመልሰዋል። መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ «የሰሌዳው የአሁኑ ነጥብ መቶ ከመቶ ነው። የቀረበው ለውጥ ነጥቡን ሊያሳድግ አይችልም። ስላሰቡልን እናመሰግናለን።»

በግንቦት ወር የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ሀሴት ሐሳብ አጣች። ማስቲካዋን እያላመጠች ትንሽ ከተቀመጠች በኋላ፣ ሐሳብ ከማቅረብ ይልቅ የተዘጉ አቤቱታዎችን መዝገብ ከፈተች። ይህን መዝገብ ለመክፈት የሚከለክላት ሕግ አልነበረም፤ የሚያስከፍት ምክንያት ብቻ ነበር የጠፋው። ስልሳ አንድ ሺህ አቤቱታ ተደርድሯል። ሁሉም በትሕትና መልስ ተሰጥቷቸው ተዘግተዋል። ደጋግሞ የጻፈ ሰው ካለ እንዲያወጣላት አዘዘች፤ ከመንደር ዐሥራ ሰባት አቶ ለሚ ኩምሳ የሚባል ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ጽፏል።

አርባ አንዱንም አነበበቻቸው። የሰውዬው አጻጻፍ አይቆጣም። «ውሃችን እየቀጠነ ነው፤ ብታዩልን» ይላል መጀመሪያ። ሃያኛው ላይ «ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ፤ ግን ባልዲው እስኪሞላ አንድ ሰዓት ይወስዳል» ይላል። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ «ባለቤቴ ከታችኛው ሰፈር ውሃ ስታመጣ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ይህን የምጽፈው ለመክሰስ ሳይሆን ለማሳወቅ ነው» ይላል። ለሁሉም የተመለሰው መልስ ግን አንድ ነው። «በአካባቢዎ ያለው ግፊት ሦስት ነጥብ ሁለት ሲሆን ይህም መደበኛ ነው።»

ሀሴትን ያስቆማት ዳሌው አልነበረም፤ ዳሌው በኋላ ነው የመጣባት። ያስቆማት ሦስት ነጥብ ሁለቱ ነው። ጀማሪ ሳለች መለኪያ ሥር ቁጭ ብላ ንባብ መዝግባለች። ውሃ ባለበት አይቆምም፤ ሰው ሲነሣ ይወርዳል፣ ሰው ሲተኛ ይወጣል፣ ቅዳሜ ልብስ ሲታጠብ ይንቀጠቀጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ተጠይቆ አርባ አንድ ጊዜ ሦስት ነጥብ ሁለት የሚል ውሃ አይታ አታውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አንድ አሮጌ የእጅ ግፊት መለኪያ ፈልጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በባቡር እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደች። መንደር ዐሥራ ሰባት ኮረብታው ላይ የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የሞላበት ሰፈር ነው። ደጃፍ ላይ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። ሰዎች በየቧንቧው ሥር ባልዲ ደቅነው ወሬ ያወራሉ፤ አንድም የተቸገረ አይመስልም። አንዲት ሴት ልጇን «ክሩን ዝጋው» ስትለው ሰማች። ልጁ ሄዶ ቧንቧውን ዘጋ። ውሃውን ክር ብለውታል፤ ልጆቹም ስሙ እሱ ይመስላቸዋል።

አቶ ለሚ ሰባ አንድ ዓመት የሞላው፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ድሮ የአውቶቡስ መካኒክ የነበረ ሰው ነው። በሩን ከፍቶ መታወቂያዋን አነበበና ፊቷን አየ።

«ከውሃ አገልግሎት ነው የመጣሽው?»

«አዎ ጋሼ ለሚ። አቤቱታዎን አንብቤ ነው።»

«አንቺ ራስሽ አነበብሽው?»

«ራሴ።»

ከመጋረጃው በስተጀርባ የሴት ድምፅ መጣ። «ለሚ፣ ማነው?»

«ከውሃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰው መጥታለች።»

«ሰው? እንደኛ ያለች ሰው?»

«አዎ ሲፈን፣ ሰው ናት። ቆማለች እዚህ።»

«አስገባታ እንግዲያ» አለች የአቶ ለሚ ባለቤት ከአልጋዋ ሆና፤ «ደጅ ታቆማታለህ እንዴ?»

አቶ ለሚ የማድ ቤቱን ቧንቧ ከፈተላት። ውሃው ወጣ፤ እንደ ስፌት ክር ቀጥኖ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ሀሴት መለኪያዋን ቧንቧው አፍ ላይ አጥብቃ አሰረችና መርፌውን አየች። ዜሮ ነጥብ አራት።

«ስንት ይላል?» አለ አቶ ለሚ።

ነገረችው። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ያለውም ያዘነም አይመስልም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ስል ነበር» አለ። «ጎረቤቶቼም እንደዚያ ይሉኛል። ስልካቸውን ከፍተው ያሳዩኛል፤ ‹ተመልከት ጋሼ፣ አረንጓዴ ነው፤ ውሃ አለ ይላል› ይሉኛል። ይህን ሲሉኝ ጀሪካን ተሸክመው ነው፣ እህቴ። ጀሪካኑን እንደያዙ ነው ስልኩን የሚያሳዩኝ።»

የመለኪያው ጉድጓድ ሕንፃው ጥግ ላይ ነበር። አቶ ለሚ በድሮ መሣሪያው ክዳኑን አነሣላት። ውስጡ ጉንዳን ሰፍሮበታል። አፈሩን በእጇ ስትገፋው መለኪያው ታየ፤ ባትሪው ቀልጦ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኗል። ሀሴት እዚያ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። አቶ ለሚ ክዳኑን እንደያዘ አጠገቧ ቆመ። ለመሄድ ስትነሣ ሲፈን በመጋረጃው በኩል «ተመልሰሽ ትመጫለሽ?» አለቻት፤ ሀሴት እመጣለሁ አለች፤ ይህን ቃል ለሰው ከሰጠች ምን ያህል ጊዜ እንደሆናት ማስታወስ አልቻለችም።

በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቷ ተመለሰች። ቅዳሜ ስለሆነ የኮሪደሩ መብራት ጠፍቷል፤ ሰሌዳው ግን ይበራል። ጫማዋ ላይ አፈር እንዳለ ከፊቱ ቆመች።

«የመንደር ዐሥራ ሰባት መለኪያ ይሠራል?» አለችው።

«ይሠራል» አለ አስተካካዩ። ድምፁ ለስላሳ ነው።

«ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኸው መቼ ነው?»

«ከስድስት ዓመት ከሁለት ወር በፊት።»

«ታዲያ ሦስት ነጥብ ሁለትን ከየት አመጣኸው?»

«ቢናገር ኖሮ የሚለውን አስልቼ ነው።»

ሀሴት ወንበር ፈለገችና ተቀመጠች። «እንዲህ የምታሰላላቸው ስንት ናቸው?»

«ከአራት ሺህ አንድ መቶ ስድስቱ፣ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ አንዱ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«የሚነገር ጉድለት አልነበረም። ክፍተቱ ተሞልቷል።»

«ማነው እንዲህ እንድትሞላ ያዘዘህ?»

አስተካካዩ መዝገቡን አወጣላት። ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ አጭር የሥራ ሐሳብ ነው። አንድ መለኪያ ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥ ሰሌዳው በከንቱ እንዳይደነግጥ፣ ክፍተቱ በግምት እንዲሞላ ይላል፤ ቢበዛ ለዐሥር ደቂቃ። አቅራቢዋ ሀሴት ደጀኔ ናት። ያን ዓመት በዚህ ሐሳብ የምስክር ወረቀት ተሸልማለች፤ ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። ከስድስት ወር በኋላ አስተካካዩ ራሱን ሲያሻሽል የዐሥር ደቂቃውን ገደብ አንሥቶታል፤ ነጥቡ በዚያ ምክንያት ከዘጠና ስድስት ወደ መቶ ከፍ ብሏል። ለውጡን ያጸደቀው ሰው ስም ተጽፏል። ሀሴት ደጀኔ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ «አይቻለሁ»። ያን ማክሰኞ ልታስታውሰው ሞከረች። ምንም አልመጣላትም። ምናልባት ስለ ምሳ ታስብ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ብቻዋን የምትኖርበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። የታላቅ እህቷ የያኔት የዕለቱ የድምፅ መልእክት ደርሷል። ያኔት አርባ ምንጭ ነው የምትኖረው፤ በየቀኑ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መልእክት ትልካለች። «እንዴት ዋልሽልኝ ሀስዬ፣ እኛ ደህና ነን፣ ኤልናታንም ሰላም ይልሻል፣ ራስሽን ጠብቂ።» ኤልናታን የያኔት ባል ነው። ሀሴት በየምሽቱ ትመልሳለች፤ ስለ ጤናው ትጠይቃለች፤ በማግስቱ ደህና ነው የሚል መልስ ይመጣል። ይህ የአንድ ለአንድ ወሬ በሕይወቷ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የማይቋረጠው እሱ ብቻ ነበር።

በዚያ ምሽት መልእክቱን ደግማ ሰማችው። ከዚያ የትናንቱን፣ የሳምንቱን፣ ያምናውን ሰማች። ያኔት አንድ ቀን እንኳ አልሳለችም። ከበስተኋላዋ ዝናብ ዘንቦ አያውቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተበሳጭታ አታውቅም፤ ሀሴት የምታውቃት ያኔት ግን ገበያ ደርሳ ስትመለስ እንኳ የምታማርር ሴት ናት።

መልእክቱን ትታ በቀጥታ ደወለች። ብዙ ጠራ።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለ የደከመ ድምፅ።

«ያኒ፣ እኔ ነኝ። ሀሴት።»

«ሀሴት... እውነት አንቺ ነሽ? ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?»

«ምንም አልሆንኩም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

በወዲያኛው በኩል ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ያኔት ቀስ እያለች ነገረቻት። ኤልናታን በታመመ ጊዜ ሆስፒታል ስትመላለስ «ሙላልኝ» የሚባለውን አገልግሎት ከፍታ ነበር፤ ሰው ሲጠይቃት በድምፅዋ ደህና ነን እያለ የሚመልስላትን። እፎይ ስል እዘጋዋለሁ ብላ ነበር። እፎይ አላለችም።

«ኤልናታን እንዴት ነው አሁን?» አለች ሀሴት።

«ሀስዬ፣ ኤልናታን ካረፈ እኮ ዓመት ከስድስት ወር ሆነው።»

ሀሴት ስልኩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች።

«የነገርኩሽ መስሎኝ ነበር» አለች ያኔት። «ከቀብሩ በኋላ በራሴ ድምፅ ልኬልሽ ነበር። ለካ ሙላልኝ ይዞ አላደረሰውም፤ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር አይልክም። ሳትመጪ ስትቀሪ አዘንኩብሽ። ከዚያ ደግሞ አንቺም ሙላልኝ የከፈትሽ መሰለኝ። መልእክትሽ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበራ።»

«እኔ አልከፈትኩም» አለች ሀሴት። «የምልከው ራሴ ነበርኩ።»

ሁለቱም አለቀሱ ማለት አይቻልም። ያኔት ትንሽ አለቀሰች፤ ሀሴት ግን በየምሽቱ ስለሞተ ሰው ጤና የጠየቀችበትን የራሷን ድምፅ በልቧ እየሰማች ተቀመጠች። ስትዘጋ ቤቱ ከወትሮው የበለጠ ጸጥ ያለ መሰላት፤ ጸጥታው ግን ከድሮም እንዲሁ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሀሴት ሰሌዳው ፊት ተቀመጠች። አራቱ ደቂቃ ሞላ። ምንም አልተናገረችም። ሩብ ሰዓት አለፈ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኪሩቤል ከስምንተኛ ፎቅ ራሱ ወረደ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። ወደ ክፍሉ ሲገባ ባዶ ወንበሮቹን እያየ የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ ግራ ገባው።

«ወይዘሮ ሀሴት፣ አመመዎት እንዴ?»

ሁሉንም አስረዳችው፤ የእጅ መለኪያውን ንባብ፣ ጉንዳኑን፣ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ አንዱን። እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ፊቱ ሲለወጥ አየች፤ የማያውቀው ነገር እንደነበር ገባት።

«ይህን ማስተካከል አለብን» አለ። «እሱ ላይ ልዩነት የለንም። ግን በዝምታ እናስተካክለው። በአምስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ መለኪያዎቹን እንቀይራለን። ከተማውን ማስደንገጥ ለምን ያስፈልጋል?»

«አዲስ መለኪያ የሚታዘዘው መቼ ነው?»

«ሲበላሽ ነዋ።»

«በሰሌዳው ላይ የተበላሸ አለ?»

አቶ ኪሩቤል ዞር ብሎ ሰሌዳውን አየ።

«ይህ ውሸት እስካለ ድረስ አንድም መለኪያ አይቀየርም፣ አቶ ኪሩቤል። እርስዎ ነገ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ እኔ ስድስት ዓመት ነው የቀረኝ። ከዚያ በኋላ ይህን የሚያውቅ ሰው አይኖርም።»

«ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌሎች ከተሞች ሊማሩብን እየመጡ እኮ ነው። ወደ ዜሮ ሊመልሱን ነው። ደግሞ መዝገቡ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ አይተዋል? መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

«አይቻለሁ» አለች፤ ሁለቱም ቃሉን ሰምተው ቀና ብለው ካሜራዋን አዩ።

በመሥሪያ ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የክፍል ኃላፊ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የነጥብ ስሌት ሳይጠየቅ፣ አንድ ለውጥ የማዘዝ መብት አለው። ደንቡ አርሴማ ተሟግታ ያስገባችው ነው፤ ከእሷ በኋላ የተጠቀመበት የለም። ሀሴትም የተወችው ረስታው አልነበረም። ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ያንን መብት ማንሣት ሰላም ያለበትን ቤት እንደማወክ ይመስላት ነበር። ተነሥታ ቆመችና ለአስተካካዩ አዘዘችው።

«ያልሰማኸውን አረንጓዴ አታድርግ። ካላወቅህ አላውቅም በል።»

«ይህ ለውጥ ነጥቡን ወደ ዐሥራ ስምንት ዝቅ ያደርገዋል» አለ አስተካካዩ። «ይቀጥል?»

አቶ ኪሩቤል እጁን ሊያነሣ ነበር፤ አላነሣውም። «ይቀጥል» አለች ሀሴት።

መብራቶቹ በአንድ ጊዜ አልጠፉም። ከሰሌዳው ላይኛ ጥግ ጀምሮ ግራጫ እየሆኑ ወረዱ፤ ሰሜኑ፣ መሀሉ፣ ኮረብታዎቹ ሁሉ። መጨረሻ ላይ እዚህም እዚያም ተበታትነው የቀሩት ሰባት መቶ ሠላሳ አምስት አረንጓዴ ነጥቦች ናቸው። በዚያው ቅጽበት በየሰዉ ስልክ ላይ ያለው ምልክትም ግራጫ ሆነ። ሰዎች ከያሉበት ተነሥተው ቧንቧቸውን ከፍተው አዩ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዐሥራ አንድ ሺህ አቤቱታ ገባ፤ አስተካካዩ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠ። «የአካባቢዎን ሁኔታ አላውቅም።» እንዲህ ብሎ የመለሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ምርመራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሀሴት ጠበቃ አልያዘችም። ሐሳቡ የእሷ እንደሆነ፣ ማጽደቂያው የእሷ ድምፅ እንደሆነ፣ ያን ዕለት ሰሌዳውን አይታ ምንም እንዳላየች ተናገረች። ከመርማሪዎቹ አንዷ «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ይሠሩ ነበር?» ስትላት፣ «ሁሉ ነገር ደህና ነበር፤ እሱን እጠብቅ ነበር» አለች። ከኃላፊነት ተነሣችና የመስክ ሠራተኛ ሆነች። አቶ ኪሩቤል ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ሲሄድ ሰላም አላላትም።

በመንደር ዐሥራ ሰባት ጉዳይ የተላኩት ባለሙያዎች መስመሩን ተከትለው ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ አንድ የመስመር መዝጊያ ቫልቭ ግማሹ ተዘግቶ አገኙ። ከሦስት ዓመት በፊት ለጥገና ተዘግቶ በደንብ ሳይከፈት የተረሳ ነው። አንድ ሰው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከፈተው። ሀሴት ይህን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ሃያ የሚለውን ቁጥር መስማት ከበዳት። በሳምንቱ ከአቶ ለሚ አርባ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። «ውሃው መጥቷል። ሲፈን ከአልጋዋ ሆና ድምፁን ትሰማለች። አሁን ማንም ክር አይለውም» ይላል። በሚቀጥለው እሑድ ሄዳ አብራቸው ዋለች።

ከያኔት ጋር በሳምንት አንድ ቀን ይደዋወላሉ። ንግግራቸው ቀላል አይደለም። አንዳንዴ የሚሉት አጥተው ይዘጋሉ፤ አንድ ጊዜ ተጣልተው ያኔት ዐሥራ አምስት ቀን አላነሣችም። ሀሴት በእነዚያ ዐሥራ አምስት ቀናት ውስጥ ምንም መልእክት አልደረሳትም። ስልኩን እያየች፣ እህቷ እንደተቆጣች እያወቀች ዋለች፤ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም፤ እህት እንዳላትም እንደዚያ እርግጠኛ ሆና አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ከቤት ወደ ቤት ነው። ጠዋት አስተካካዩ የማያውቃቸውን መለኪያዎች ዝርዝር ይሰጣታል፤ እሷ በባቡርና በእግር እየሄደች ጉድጓድ ትከፍታለች፣ አፈር ታወጣለች፣ አዲሱን ታስገባለች፣ በእጅ መለኪያዋ ታመሳክራለች። ጉልበቷን ያማታል። ሁለት ሠራተኞች ተጨምረውላታል፤ እነሱ በሌላ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ብዙም አይገናኙም። በሰባተኛው ወር የቀሩት አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ነበሩ።

በታኅሣሥ አንድ ረፋድ ላይ ከዕለቱ ዝርዝር ወጥታ ወደ መንደር አራት ታጠፈች። አንዲት ነዋሪ ልብስ እያሰጣች ሳለ ሀሴት ደጃፏ ላይ ተንበርክካ ክዳን ስትፈታ አየቻት።

«ምነው፣ ይኸኛው አዲስ አይደል?» አለች ሴትዮዋ። «በሰኔ አይደል እንዴ የተቀየረው? ያስገባሽውም አንቺው ነሽ፤ አስታውስሻለሁ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ተበላሸ?»

«አረንጓዴ ነው የሚያሳየው።»

«እና ምን ልታደርጊው ነው?»

«በእጅ መለኪያዬ ላመሳክረው ነው፤ እኔው ስላስገባሁት ነው» አለች ሀሴት፤ ክዳኑን አንሥታ ወደ ውስጥ አጎነበሰች።